ነገ ይመለሱ

ቢልቂስ ከሊፋ በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ አርብ ጠዋት፣ ቦርሳዋ ውስጥ ሁለት ጽሑፍ ይዛ ከሰፈሯ ከጠመንጃ ያዥ ወጣች። አንደኛው የሚያምር ውሸት ነው፤ ሁለተኛው የማያምር እውነት። ሁለቱም በእጅ የተጻፉ ናቸው። መምህርት ወይንሀረግ ደግሞ በእጅ የተጻፈ ነገር እንደማይቀበሉ ሰኞ ዕለት ሦስት ጊዜ፣ ረቡዕ ዕለት አራት ጊዜ ተናግረዋል። ተተይቦ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት፣ ጠረጴዛቸው ላይ እንዲደርስ ነው የሚፈልጉት። ከዘጠኝ ሰዓት አንድ ደቂቃ ያሳለፈ፣ ክረምቱን ሲያስብበት ይክረም ብለዋል።

ሥራው ለስሙ ቀላል ነበር። የድርሰት አጻጻፍ ትምህርት ማጠቃለያ ነው፦ በዚህ መንፈቀ ዓመት ምን ተማራችሁ፣ ምን ተለወጠባችሁ፣ በሦስት ገጽ ጻፉ። መምህርቷ «ሪፍሌክሽን» ይሉታል። የቢልቂስ ጓደኛ ማሂ ግን «ንስሐ» የሚል ስም አውጥታለት ክፍሉ በሙሉ በዚሁ ስም ተስማምቷል። ንስሐው ከመቶ አርባ ይይዛል። ቢልቂስ ከቀረው ስልሳ ያገኘችው ሃያ አራት ስለሆነ፣ ለማለፍ ከአርባው ሃያ ስድስት ማግኘት ግዴታዋ ነው። ይህን ትምህርት የወደቀ ደግሞ ሦስተኛ ዓመትን በሩቁ ያያል እንጂ አይገባበትም።

ሃያ አራት ያገኘችው ሰንፋ አይደለም። ጥፋቱ የአስተዳደጓ ነው።

አባቷ ከሊፋ ልደታ ፍርድ ቤት አጥር ስር፣ ከትልቅ ጥቁር ጃንጥላ በታች፣ ሃያ ስድስት ዓመት የተቀመጠ ራፖር ጸሐፊ ነው። ከወሎ ሲመጣ ይዞት የመጣው አንድ ሻንጣና ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ብቻ ነበር፤ የጽሕፈት መኪናዋን እዚሁ ነው ያገኛት። መኪናዋ ከቢልቂስ በዕድሜ ትበልጣለች፤ «ጨ» የሚባለው ፊደል ከተሰበረባት ቆይቷል። አባቷ «ጨ» በመጣ ቁጥር ባዶ ቦታ ይተዋል፣ መጨረሻ ላይ በእስክሪብቶ ይሞላዋል። ቢልቂስ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከጎኑ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነው ያደገችው። ሌላው ልጅ ከተረት መጽሐፍ ማንበብ ሲለምድ፣ እሷ «ከሳሽ» እና «ተከሳሽ» ብላ ጀመረች። በዘጠኝ ዓመቷ ለእናቷ የመጀመሪያ ደብዳቤዋን ስትጽፍ «ጉዳዩ፦ አዲስ ጫማ ስለመጠየቅ» ብላ ነው የከፈተችው፤ እናቷም ነገሩ እንደሚታይ ነግራ አሰናበተቻት።

ልማድ መጥፎ ነው። ኮሌጅ ከገባችም በኋላ ብዕር ስትይዝ እጇ በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት ነው የሚሄደው። መምህርት ወይንሀረግ ስለ ክረምት ዝናብ ጻፉ ሲሉ «ዝናብ የተባለው፣ አድራሻው ሰማይ የሆነ፣ በቀን ሦስት ጊዜ በግቢያችን ላይ ሁከት እየፈጠረ ስለሚገኝ» ብላ ጻፈች። ስለ ፍቅር ጻፉ ሲሉ ደግሞ የልብ ስብራቷን በአምስት ነጥብ ዘርዝራ፣ ማስረጃ ጠቅሳ፣ ተገቢው ውሳኔ እንዲሰጣት በትሕትና ጠየቀች። ክፍሉ እስኪያለቅስ ሳቀ። መምህርቷ አልሳቁም። በቀይ እስክሪብቶ «ይህ አቤቱታ ነው። አንቺ የታለሽ?» ብለው ጻፉበት። በመንፈቀ ዓመቱ ውስጥ ይህን «አንቺ የታለሽ?» የሚል ቀይ ጽሑፍ ስድስት ጊዜ አግኝታለች።

እንግዲህ ቦርሳዋ ውስጥ ያለው የመጀመሪያው ጽሑፍ ሰባተኛው መሆኑ ነው። «በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ» ብሎ ይጀምራል፤ በመንፈቀ ዓመቱ የተገኙ ዕውቀቶችን ከሀ እስከ ሠ ይዘረዝራል፤ ማንንም አይነካም፣ ማንንም አያስቀይም። ሁለተኛውን ረቡዕ ማታ ኩራዝ አብርታ፣ ተናዳ፣ አንድ ጊዜም ሳትሰርዝ ነው የጻፈችው። ስትጨርስ አንብባ ደነገጠች። ጥሩ ነበር። ችግሩ፣ በዓለም ላይ ይህን ጽሑፍ ሊያነብ የማይገባው አንድ ሰው ቢኖር አባቷ መሆኑ ነው።

ያ ክረምት መብራት በፈረቃ የሆነበት ነው፤ የዚያን አርብ የመጥፋቱ ተራ የነሱ ሰፈር ነበር። ሰፈሯ ያሉት ሁለት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች በራቸውን ገርበብ አድርገው ባለቤቶቹ ደጃፍ ላይ ዳማ ይጫወታሉ። አብነት ሰፈር ጄኔሬተር ያለው ቤት አለ ተባለችና ሄደች። ከበሩ ጀምሮ ሦስት ሱቅ እስኪያልፍ ድረስ ተማሪ ተሰልፏል። ማሂም መሐላቸው አለች፤ ከጧቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ቆማ ሃያ ሁለተኛ ናት። ቢልቂስ ሠላሳ አራተኛ ሆነች። አምስት ሰዓት ላይ ጄኔሬተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ዝም አለ፤ ባለቤቱም ወጥቶ ነዳጅ ፍለጋ እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚመለስ ግን እሱም እንደማያውቅ ተናገረ።

ሰልፈኛው ሲንጫጫ ቢልቂስ ቀስ ብላ ከመሐላቸው ወጣች። በመላው ልደታ መብራት የማይጠይቅ የጽሕፈት መኪና የት እንዳለ ከሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ለማንም አልተናገረችም፤ ለማሂም ጭምር። ለምን እንዳልተናገረች ለማወቅ ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል።

ነገሩ የጀመረው በመጀመሪያው ዓመት ነው። አንዱ የክፍል ልጅ አባትሽ ምን ይሠራሉ ብሎ ጠየቃት፤ እሷም ፍርድ ቤት ነው የሚሠራው አለች። ይህ ውሸት አይደለም፤ በአንድ አጥር ብቻ ነው ከእውነት የራቀው። ልጁ ለሌላው ሲነግር አባቷ ፍርድ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሆኑ፤ ያኛው ለሦስተኛው ሲነግር ዳኛ ሆኑ፤ በሳምንቱ ማሂ ከመንገድ ማዶ «የዳኛው ልጅ» ብላ ጠራቻት። ቢልቂስ ያኔ ማረም ነበረባት። አላረመችም። ዳኝነቱ ደግሞ እያደር ተመቻት፤ ከቢሮ ወረቀት ለማስፈረም እንኳ እሷን ነበር የሚልኩት። ከዚያ ወዲህ አባቷ በየዓመቱ ሹመት እያገኘ፣ እሱ ግን ስለ ሹመቱ ምንም ሳይሰማ እዚያው ጃንጥላው ስር ተቀምጧል። አንድ ቀን ብቻ፣ በመጋቢት፣ ነገሩ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር፤ እንዴት እንደተረፈች ሁለተኛው ጽሑፍ ላይ አለ።

ዕቅዷ ይህ ነበር። ዛሬ አርብ ነው፤ አባቷ ስድስት ሰዓት ላይ ለጁምዓ ወደ መስጊድ ይሄዳል። አርብ ፍርድ ቤቱም እስከ ሰባት ተኩል ስለሚዘጋ ባለጉዳይ አይኖርም። እሱ ከሶላት እስኪመለስ እሷ ትጽፋለች፣ ወረቀቷን ትጠቀልላለች፣ ትሰወራለች።

ስትደርስ አባቷ ሄዷል። መኪናዋ ላስቲክ ለብሳ ተቀምጣለች፤ ከጎን ካለው ጃንጥላ ስር የሥራ ጓደኛው ጋሽ ኢዶሳ ሁለቱንም ጠረጴዛ ይጠብቃሉ። የኮሌጅ ሥራ ልትጽፍ እንደመጣች ስትነግራቸው ደስ አላቸው። ዝናቡም ጀመረ። ቢልቂስ ላስቲኩን ገፍፋ፣ ወረቀት አስገብታ፣ ሁለተኛውን ጽሑፍ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በሁለት ጣቷ መልቀም ጀመረች።

ይህች መኪና የአባቷን አሥር ጣት ነው የለመደችው። ቢልቂስ አንድ ፊደል ስትመታ ሁለት ይነሱና መንገድ ላይ ይያያዛሉ፤ እነሱን አላቅቃ ስትጨርስ የት እንደደረሰች ይጠፋባታል። ጋሽ ኢዶሳ እየሰረቁ ያዩዋታል። ከሰባት ሰዓት በኋላ ግማሽ ገጽ ላይ እንደሆነች ሲያረጋግጡ ዝም ማለት አቃታቸው።

«ሦስት ገጽ ነው ያልሽው? በዚህ አያያዝሽ ለመስከረም ይደርስልሻል» አሏት።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በችኮላ ቀጥላ አንዱን መስመር በሌላው ላይ ደረበችው። ወረቀቱን አውጥታ ቀዳደደችና አዲስ አስገባች። ያን ጊዜ ነው ከኋላዋ የአባቷ የፕላስቲክ ጫማ ውሃውን ሲረግጥ የሰማችው።

ከሊፋ ኮፍያው ላይ ላስቲክ አድርጎ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ መጣ። ልጁን ወንበሩ ላይ ሲያያት አልተገረመም፤ ባለጉዳይ የማያስገርመው ሰው ነው። ምን እንደሆነ ጠየቃት። ነገረችው፤ መብራቱን፣ ሰልፉን፣ ዘጠኝ ሰዓትን፣ ከአርባው ሃያ ስድስቱን። የነገረችው ከአንዱ በስተቀር ሁሉንም ነው። እሱም ተነሽ አላትና መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ ተቀመጠ፣ እጁንም ዘረጋ።

ቢልቂስ ጉልበቷ ላይ የነበረውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ያወጣችው የመጀመሪያውን፣ የሚያምረውን ነበር። በልቧ መምህርቷን ተሰናበተች፤ ሦስተኛ ዓመትንም እንደዚሁ። ሰው ትምህርት ደግሞ ይማራል፤ አባት ግን ደግሞ አይገኝም ብላ ራሷን አጽናናች። በዚህ ሐሳብ ጥቂት እንኳ ሳትቆይ መኪናዋ ዝም አለች።

አባቷ ሁለት መስመር ጽፎ ቆሟል። ቀሪውን በዓይኑ እስከ ታች ወረደበት፣ ገለበጠ፣ ሁለተኛውንም ገጽ አየ። ከዚያ ወረቀቱን መልሶ ሰጣት።

«ይሄ የኔ ነው» አለ። «ያንቺን አምጪ።»

እሷ የራሷ እንደሆነ፣ ራሷ እንደጻፈችው ልታስረዳው ሞከረች። እሱ ግን አንዱንም አልተቀበላትም። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ቅርጹ የጸሐፊው ነው፣ ቃሉ ግን የባለጉዳዩ መሆን አለበት አላት፤ ይሄኛው ቅርጹም ቃሉም የከሊፋ ነው፤ እሱ ደግሞ ኮሌጅ አልተመዘገበም። አስተማሪዋ የከሊፋን ጽሑፍ ከፈለጉ እዚሁ መጥተው ማጻፍ ይችላሉ። ጋሽ ኢዶሳ ከጎን ሆነው በጣም ልክ ነው አሉ።

ሰዓቱ ከሰባት ተኩል አልፏል። ቢልቂስ ሁለተኛውን ጽሑፍ አወጣች፤ አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ መልሳ አጠፈችው።

«አባዬ» አለች፣ «ይሄን ሳታነበው ብትጽፈው አይቻልም?»

አባቷ መልስ ከመስጠቱ በፊት ጋሽ ኢዶሳ በሥራ ዘመናቸው ሳያነብ የሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ አንድ ብቻ እንደሚያውቁ፣ እሱም ዛሬ ገበያ ላይ ድንች እንደሚሸጥ ተናገሩ። የአባቷ እጅ አሁንም ተዘርግቷል። ሰጠችው።

የከሊፋ አሥር ጣት ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ነው፣ ጣቶቹ ለብቻቸው ያውቃሉ፤ መስመር ባለቀ ቁጥር ደወሏ ኪል ትላለች፣ ግራ እጁ ሳይጠራት ትመልሳታለች። ቢልቂስ ግን የምታየው ፊቱን ነው። ፊቱ ደግሞ ምንም አይነግርም። ባለጉዳይ ሲያለቅስ አብሮ የሚያለቅስ ጸሐፊ ወረቀት ያበላሻል ብሎ ራሱ ነው ያስተማራት፤ ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ፍቺ፣ የሰው ውርስ፣ የሰው ጡጫ በዚያ ፊት ስር አልፏል። የመጀመሪያው ገጽ አለቀ። ሁለተኛው ተጀመረ። ሁለተኛው ገጽ መሐል ላይ ደወሏ ልትመታ የምትችልበት ጊዜ አለፈ፤ ጣቶቹ ቆመዋል። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ዝናብ ነው፣ መነጽር ይደበዝዛል ብላ አሰበች። ከዚያ ጣቶቹ ቀጠሉ።

ሦስተኛው ገጽ ከመኪናዋ ሲወጣ ከስምንት ሰዓት አሥራ አምስት ደቂቃ አልፏል። ቢልቂስ ለመቀበል እጇን ሰደደች። አባቷ ግን ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደበደበና አስተካክሎ፣ «ጨ» ዎቹን አንድ በአንድ በእስክሪብቶ ሞላ። ከዚያም ጉሮሮውን ጠረገ።

ይህን ረስታው ነበር። ከከሊፋ ጠረጴዛ ሳይነበብ የሚወጣ ወረቀት የለም። ባለጉዳዩ ማንበብ የማይችል ቢሆንም፣ ፕሮፌሰር ቢሆንም፣ ቆሞ የራሱን ቃል በከሊፋ ድምፅ ይሰማል፤ ያልተስማማውን እዚያው ይናገራል። በአነጋገር ይፈረዳል፣ በአያያዝ ይቀደዳል ይላል። በዚህ ልማዱ ስንት ሰው ነው ክሱን መሐል ላይ ሲሰማ አፍሮ፣ ወረቀቱን አስቀድዶ ወደ ቤቱ የተመለሰ። ቢልቂስም ጃንጥላው ስር ቆመች። አባቷ የሁልጊዜውን፣ ከፍም ዝቅም የማይለውን ድምፁን አውጥቶ አነበበ። ስለ ዳኝነቱ፣ አንዱ ለሌላው ሲነግር ሹመቱ እንዴት እንዳደገ፣ እሷም እንዴት እንዳላረመች፤ ሁሉንም አነበበ። ሁለተኛው ገጽ መሐል ላይ ደረሰ።

«መጋቢት ውስጥ አንድ ቀን፣ ለአባቴ ምሳ ይዤ ሄድኩ» ብሎ አነበበና ቆመ። «ቀን የሌለው ነገር አይጸናም። መጋቢት ስምንት ነው፤ ማክሰኞ» አለ። በእስክሪብቶ ከመስመሩ በላይ አስገባው።

ቢልቂስ ወደ ወረቀቱ ጠጋ አለች። እሷ ቀኑን አታስታውሰውም።

«መጋቢት ስምንት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ለአባቴ ምሳ ይዤ ሄድኩ። ጠረጴዛው አጠገብ ስደርስ የክፍል ጓደኞቼ በአጥሩ ሥር ሲመጡ አየሁ። አባቴ መጣሽ ሊለኝ አፉን ሲከፍት ቀደምኩትና፣ ጋሼ፣ ማመልከቻዬ ደርሷል ወይ? አልኩት። አባቴ ልጆቹን አየ፤ ምሳ ዕቃውን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ፣ ገና ነው እመቤቴ፤ ነገ ይመለሱ አለኝ። ምሳውን እንደያዝኩ ከልጆቹ ጋር ሄድኩ። ፍርፍሩን እኔና ማሂ በላነው።»

እዚህ ላይ ቀና አለ።

«ፍርፍር ነበር?»

«አዎ።»

«ሽሮ ይመስለኝ ነበር» አለና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

«ማታ እናቴ፣ ዛሬ ምነው እንዲህ ራበህ ስትለው፣ ሥራ በዛብኝ አላት። ወደ እኔ አላየም። ከዚያም ወዲህ አንስቶብኝ አያውቅም። በዚህ መንፈቀ ዓመት ምን ተማርሽ ለሚለው፣ አባቴ ከኔ የተሻለ ደራሲ መሆኑን ተምሬያለሁ፤ እኔ በስድስት ድርሰት ያልቻልኩትን እሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ፈጥሮ አድኖኛል። አንቺ የታለሽ ለሚለው ቀይ ጽሑፍዎ ደግሞ መልሱ ይህ ነው። እኔ እስካሁን እዚያው ነኝ። ምሳ ዕቃ ይዤ አጥሩ ሥር ቆሜያለሁ።»

ሦስተኛውን ገጽም እስከ መጨረሻው አነበበው። ጋሽ ኢዶሳ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ማንም የማይፈልገውን ካርቦን ወረቀት ሲያስተካክሉ ነበር። ከሊፋ ጽሑፉን ወደሷ አዞረና እስክሪብቶውን አቀበላት። ሕፃንንም ሽማግሌንም የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠየቃት።

«ቃሉ የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው» አለች ቢልቂስ።

«ይፈርሙ።»

ፈረመች። ይቅርታ ልትለው አፏን ስትከፍት ነው ከአጥሩ ጥግ የሚታወቅ ሳቅ የሰማችው። የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ማሂ ደብተሯን ራሷ ላይ አድርጋ፣ ሁለት የክፍል ልጆች አስከትላ፣ በዝናቡ ውስጥ እየሮጠች ትመጣለች። ፍርድ ቤቱ አጥር ስር የእጅ መኪና ያላቸው ሰዎች አሉ ብሎ አንዱ ነግሯቸዋል።

ከሊፋም አያቸው። ልጆቹን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ ልጁን አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ሁሉ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሦስቱን ገጽ በላስቲክ ከረጢት ከትቶ በሁለት እጁ አቀረበላትና፣ ማሂ እንድትሰማ አድርጎ ተናገረ።

«እመቤቴ፣ ማመልከቻዎ ደርሷል።»

ለሁለተኛ ጊዜ ሊያድናት ነው። ቢልቂስ ከረጢቱን ተቀብላ፣ አመሰግናለሁ ጋሼ ብላ፣ ፊቷን አዙራ መሄድ ትችል ነበር። መንገዱ ክፍት ነው፤ እሱ ነው የከፈተላት። ማሂም ደርሳ የሁለቱን ፊት እያፈራረቀች ታያለች። ቢልቂስ ያን ጊዜ ያፈረችው በማሂ አልነበረም፤ በሱ ትሕትና ነው ያፈረችው።

«ማሂ» አለች፣ ከሚያስፈልገው በላይ ጮክ ብላ፣ የፍርድ ቤቱ ዘበኛ ሳይቀር እስኪዞር፣ «አባቴ ነው። ከሊፋ ይባላል። ዳኛ አይደለም።»

ማሂ ከሊፋን አየች፣ መኪናዋን አየች፣ ቢልቂስ እጅ ላይ ያለውን ተተይቦ ያለቀ ጽሑፍ አየች። ፊቷ ቀስ እያለ ተለዋወጠ። ቢልቂስ ለማንኛውም ነገር ተዘጋጅታ ነበር፤ ለመጣው ግን አይደለም።

«ይሄ መኪና እያለሽ ነው» አለች ማሂ፣ «እኔን ከጧት ጀምሮ ያንን ጄኔሬተር ያስጠበቅሽኝ? አንቺ ጀለስ ነሽ? ይሄ ነው ጓደኝነት?»

ሌላ አላለችም። ቢልቂስ ለሁለት ዓመት የተሸከመችው ዳኝነት በዚህ አለቀ። ጋሽ ኢዶሳ ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም፤ ዳኛ የሚያነበውን የሚጽፈው ከሊፋ ስለሆነ ብዙም እንዳልተሳሳቱ ለልጆቹ ነገሯቸው። ከሊፋ አዲስ ወረቀት አስገባ። ወደ ማሂ ቀና ብሎ ለጥቂት ጊዜ ተመለከታት።

«ፍርፍሩን የበላችው እሷ ናት?» ብሎ ልጁን ጠየቃት።

ናት፣ አለች ቢልቂስ። ማሂ ምን እንደሚያወሩ ስላልገባት ፈገግ አለች። ከሊፋም ወረቀቷን ተቀብሎ መጻፍ ጀመረ፤ ሁለቱን ልጆች ደግሞ ጋሽ ኢዶሳ ወሰዷቸው። የማሂ ንስሐ ከአምናዎቹ ተማሪዎች የተዋሰችው ስለነበር፣ ከሊፋ አንብቦ «ቃሉ የእርስዎ ነው?» ሲላት ፊቷ ምን እንደመሰለ ቢልቂስ አላየችም። በኋላ ነው የሰማችው፤ ማሂ የመጨረሻውን ገጽ እዚያው ቆማ እንደ አዲስ ተናግራ እንዳስጻፈችና ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ሮጣ እንዳደረሰችው ጭምር።

ቢልቂስ በዚያ ሰዓት ኮሌጁ ደረጃ ላይ ነበረች፤ ከፍርድ ቤቱ እስከዚያ ሃያ ደቂቃ የሚወስደውን መንገድ በአሥር ደቂቃ ሮጣዋለች። ከረጢቱን ስትከፍት ሌላ ነገር አየች። አባቷ አንደኛው ገጽ አናት ላይ፣ እንደ ልማዱ፣ «ለመምህርት ወይንሀረግ፤ አመልካች፦ ቢልቂስ ከሊፋ፤ ጉዳዩ፦ የተማርኩትን ስለማሳወቅ» ብሎ አስገብቷል። ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ደግሞ ከላይ የተጠቀሰው ሁሉ እውነት መሆኑን እንደምታረጋግጥ ተጽፏል፤ ሳታየው የፈረመችው ከዚያ ስር ነው። ያነበበላት ቃሏን ብቻ ነው፤ ቅርጹ የኔ ነው ብሏታል እኮ።

መምህርት ወይንሀረግ አናቱን እንዳዩ ቀዩን እስክሪብቶ አነሱ። ቢልቂስ ዓይኗን ጨፈነች። እስክሪብቶው ወረቀት ሲነካ ግን አልሰማችም። ስትከፍት መምህርቷ ሁለተኛው ገጽ ላይ ናቸው። አንድ ጊዜ ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳርፈው ጠየቋት።

«ይህን ቀን በእጁ ያስገባው ማነው?»

«አባቴ ነው» አለች ቢልቂስ። ለሁለተኛ ጊዜ ስትለው ቀለላት። «እኔ ረስቼው ነበር።»

መምህርቷ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበቡ። ከአርባው ሠላሳ ሦስት ሰጧት። ሌላ ምንም አልጻፉበትም፤ ያቺ የለመደቻት ቀይ ጥያቄ አልነበረችም። ስትወጣ ግን ጠርተው፣ የአባቷን አናትና ግርጌ እንዳታወጣው፣ ያምራል አሏት።

ዝናቡ ሲያባራ፣ አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ፣ አጥሩ ሥር ተመለሰች። አባቷ መኪናዋን ላስቲክ እያለበሰ ነው። በርጩማውን አነሳችለት፣ ጃንጥላውን አራገፈችለት። ሠላሳ ሦስቱን ነገረችው፤ ጥሩ ነው አለ። ይቅርታውን ደግሞ የመጣችበትን መንገድ ሁሉ ስታዘጋጅ ቆይታ፣ አሁን አንዱም ቃል አልመጣ አላት። የመጣላት ሌላ ነው።

«አባዬ፣ ነገ ምሳህን እኔ ነኝ የማመጣልህ» አለች።

ከሊፋ የላስቲኩን ገመድ አሰረ። ቋጠሮውን ሳብ አድርጎ ፈተሸ። ሳቁን ለመደበቅ የሚያደርገውን ሁሉ አደረገ፣ አልሆነለትም።

«ነገ ቅዳሜ ነው፣ እመቤቴ፤ ፍርድ ቤት ዝግ ነው» አላት። «ሰኞ ይመለሱ። ፍርፍሩን ይዘው።»